ለድርሰቴ ኃጢአተኛ ስፈልግ

የመጀመሪያውን መንፈሳዊ ልብ ወለዴን ለሰንበት ትምህርት ቤታችን መጽሔት ያስረከብኩት የብየዳ ቱታ ለብሼ ነው። አቃቂ በሰቃ ካለው የበርና መስኮት ወርክሾፕ በምሳ ሰዓት ወጥቼ፣ በእጅ የተጻፈ አራት ገጽ በሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭ ጠቅልዬ ሄድኩ። የመጽሔቱ አዘጋጅ መምህርት ሂሩት ትባላለች። በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች፤ በሥራው ግን አለቃዬ ነበረች።

እንደ ቆመች አነበበችው። ሲያልቅ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ስንት ሰው ነው የሞተው?»

«ሦስት።»

«በአራት ገጽ?»

«ኃጢአተኞች ናቸው እኮ!»

አንዱን ገልባጭ መኪና ገጨው። ሁለተኛው ከመጠጥ ቤት ሲወጣ ቦይ ውስጥ ገባ። ሦስተኛው ንስሐ ለመግባት አስቦ «ነገ» ብሎ ተኛ፤ አልነጋለትም።

ያኔ ለራሴ የነበረኝ ግምት ከፍ ያለ ነበር። ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን በተውሶ መጽሐፍ፣ በዳዊትና በጋዜጣ ቁራጭ ራሴን አስተማርኩ። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ችግር አለበት፤ የሚያርመው ስለሌለ የተሳሳተውንም አጥብቆ ያውቃል።

መምህርት ሂሩት ሁለቱን ሙታን አስነሥታ፣ አንዱን ብቻ ቀብራ ታሪኩን አወጣችው። ሥራዬ እንዲህ ተጀመረ። በየሁለት ወሩ አንድ ታሪክ፤ ስሜ ከርዕሱ ሥር።

የምትተይብልኝ ልጄ ሜሮን ነበረች። ቢሮ ስለምትሠራ ላፕቶፕ አላት። እየተየበች ትሳለቅብኛለች።

«አባዬ፣ በዚህ ወር ማንን ልትገጭ ነው?»

«ዝም ብለሽ ጻፊ።»

«አይ፣ መንገድ ስሻገር ልጠንቀቅ ብዬ ነው።»

አንድ ጊዜ ግን ሁለታችንም ተዋረድን። በታሪኬ አንዲት ጨዋ ልጅ በመጋቢት ወር፣ ዶሮ ተሠርቶ ጠጅ ተጥሎ ዳርኳት። ሁዳዴ መሆኑን እኔም ረሳሁ፤ ሜሮንም ስትተይብ ልብ አላለችም። መጽሔቱ በወጣ በእሑዱ ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በኋላ ከበቡኝ።

«ታደሰ፣ የትኛው ቄስ ነው ያጋባቸው?» አለኝ አንዱ።

«ዶሮዋስ ንስሐ ገብታ ነበር?» አለ ሌላው።

እስከ ፋሲካ ድረስ «የሁዳዴው ደጋሽ» ተብዬ ከረምኩ። ከዚያ ወዲህ ያለ ቀን መቁጠሪያ ጽፌ አላውቅም።

መምህርት ሂሩት ስለ ቅመም ያነሣችብኝ በዚያው ሰሞን ነው።

«የእናትዎን ወጥ ዓይንዎን ጨፍነው ያውቁታል። እኔ ስምዎን በእጄ ሸፍኜ ታሪኩን ሰው ባስነብብ፣ የእርስዎ መሆኑን በምን ያውቃል? ቅመምዎ ምንድን ነው?»

«ምክር ነው።»

«ምክርማ በየሰፈሩ ሞልቷል። በነጻ እየተሰጠ እንኳ ሰው ይሸሸዋል።»

ተናደድኩ፤ ግን ቅመም ፍለጋ ገባሁ። አንድ ሰሞን የግእዝ ጥቅስ አበዛሁ። አንድ ሰሞን በየታሪኩ መልአክ በሕልም አስገባሁ።

«መልአኩ እንደ እርስዎ ነው የሚናገረው፤» አለችኝ። «እሱም ‹ልብ በል!› ይላል።»

ዓመቱ ሳይሞላ ሜሮን ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ልትወጣ መሆኑን ነገረችን። ሳታገባ! ከለከልኳት። ወጣች።

ሌላ አባት ቢሆን ሽማግሌ ይልክ ነበር። እኔ ደራሲ ስለሆንኩ ብዕር አነሣሁ። አባቷን ንቃ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የገባች፣ ሜላት የምትባል ልጅ ታሪክ ጻፍኩ። አባትየው ጸጉሩ የሸበተ፣ እንባው የማይደርቅ ጻድቅ ነው። ሜላት በሁለተኛው ገጽ ክፉ ጓደኛ ያዘች፣ በሦስተኛው ከሥራ ተባረረች፣ በአራተኛው የአባቷ በር ላይ ተደፍታ ይቅርታ ለመነች። መምህርት ሂሩት ክፍለ ሀገር ሄዳ ስለነበር ምክትሏ አንድ ቃል ሳይነካ አወጣው።

ሜሮን እሑድ ልታስቀድስ መጣች። ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ የሰፈር ሴቶች «ሜላት፣ ከሥራ ተባረርሽ እንዴ?» እያሉ ሳቁባት። ማታ እስኪሆን ሳትጠብቅ እዚያው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደወለችልኝ።

«አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔን የምታገኘኝ መጽሔትህ ላይ ነው።»

ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ስልኬን አላነሣችም፤ ቤትም አልመጣችም። የልጄን ድምፅ የምሰማው ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ ከጎን ሆኜ ነበር። እኔ ስጠጋ ወሬው ያልቃል።

መምህርት ሂሩት ስትመለስ መጽሔቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ይሄ አባት ምንም ጥፋት የለበትም?»

«አባት ነው እኮ!»

«ሰውስ ነው? ሰው ሆኖ እስኪመጣ ድረስ ገጽዎን ለሌላ እሰጣለሁ።»

በዚያው ሳምንት፣ በመኪና አደጋ የታሰረውን የወርክሾፓችንን ሾፌር ልጠይቅ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሄድኩ። ምግብ የሚያስገባ ሰው በሩ ላይ፣ ጠባቂው እያየ ራሱ ይቀምሳል። ከፊቴ የነበረችው ሴት ምስር ወጧን ቀመሰችና ፊቷ ተጨማደደ።

«ውይ በሞትኩት! ጨው የለውም!»

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ጠባቂውም ሳቁን መያዝ አቃተው።

«እናቴ፣ እኔ የማየው እንዳይገድል ነው። ጨው አይመለከተኝም፤ ይለፉ።»

እኔም ከሰው ጋር ሳቅሁ። ከዚያ የራሴን ሳህን ከፍቼ ስቀምስ ሳቄ ቆመ። የሜላትን ታሪክ አንድ ጉርሻ ሳልቀምስ ነው ለሰው ያቀረብኩት። ከአባትየው ድርሻ ቀምሼ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምታነቀው እኔ ነበርኩ።

ቤት ገብቼ እውነቱን ጻፍኩ። ሜሮን በወጣች ቀን ጠዋት የሆነው ይህ ነው። የግቢውን በር ቆለፍኩ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ እንድትሰማኝ ጮክ እያልኩ የዕለቱን ዳዊት ደገምኩ። እሷ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች፤ ከሥራም ቀረች። እናቷ ኪሴ ውስጥ እጇን ከትታ ቁልፉን እስክታወጣ ድረስ ከመዝሙሩ አልተነቃነቅሁም። እንባ የሚባል ነገር አልነበረም።

ብየዳ ላይ ዝገቱን ሳትፈትግ ብትበይድ የያዘ ይመስላል፤ በሳምንቱ ይለቃል። እስከዚያ ቀን ድረስ ድርሰት ስጽፍ ዝገት ፈትጌ አላውቅም ነበር። በዚህኛው ታሪክ ማንም አልሞተም። እየጻፍኩ አፈርኩ፤ መሃል ላይ ደግሞ ሳቄ መጣ።

ወረቀቱን ይዤ ቱሉ ዲምቱ ሄድኩ። ቤቷ እውነትም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ሜላትን በአንድ መስመር ያወጣሁበትን ደረጃ እኔ ሦስት ጊዜ አርፌ ወጣሁት። ሜሮን በሩን ከፈተች፤ ግባ ግን አላለችኝም።

«ምን ሆነህ ነው?»

«አንብቢው። ካልፈቀድሽ አይወጣም፤ እዚሁ እቀደዋለሁ።»

በሩ ላይ እንደ ቆመች አነበበች። ሁለተኛው ገጽ ላይ አፏን በእጇ ያዘች፤ ልቅሶ ይሁን ሳቅ መለየት አልቻልኩም።

«አባዬ።»

«አቤት፤» አልኳት። ለልጄ አቤት ብዬ አላውቅም ነበር።

«እዚህ ጋ ‹ዳዊቱን አንድ ጊዜ ደገመ› ይላል። ውሸት ነው።»

«እንዴት ውሸት?»

«ሦስት ጊዜ ነው የደገምከው። ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስቆጥር ነበር።»

እስክሪብቶ ከኪሴ አውጥቼ፣ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አረምኩት። አይታ አረጋገጠች።

«እሺ፣ ግባ። ልተይበው።»

ታሪኩ ወጣ። ሽማግሌዎቹ አሁንም ይስቁብኛል፤ ይገባኛል። ከዚያ ወዲህ በጻፍኳቸው ታሪኮች ሁሉ ውስጥ እየጸለየ የሚያጠፋ አንድ ሰው አይጠፋም። መምህርት ሂሩት «ቅመምዎ እሱ ነው» ትለኛለች። እኔ ገና እየቀመስኩ ነው።

መንፈሳዊ ልብ ወለድ ለምትጀምሩ ልጆች የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ለታሪካችሁ ኃጢአተኛ ስትፈልጉ ከራሳችሁ ጀምሩ። የሌላ ሰው ጥፋት ካስፈለጋችሁ፣ ከማተማችሁ በፊት ሰውየውን ጠይቁት።