እግሬ የሚወስደኝ ቤት

መካነ ኢየሱስ ከተማ የሒሳብ መምህር ሳለሁ ብዙ ዓመት ተከራይቼ የኖርሁበትን ቤት ለቅቄ ከገበያው ማዶ ሌላ ቤት ገባሁ። የድሮውን አንድ መሪጌታ ከባለቤታቸው ጋር ተከራዩት። ዕቃዬን ተሸክሜ ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ መልቀቄን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

በሳምንቱ ለምሳ ወጣሁ። ተማሪዎቼ ክፍልፋይ ለምን እንደማይገባቸው እያሰላሰልሁ ነበር። ገባሁ፤ ኮቴን ሚስማሩ ላይ ሰቀልሁ፤ እጄን ታጥቤ ተቀመጥሁ። ቀና ስል መሪጌታ ከፊቴ ሽሮ ይጎርሳሉ።

“እንዴት ዋልህ መምህር?” አሉኝ።

“እግዚአብሔር ይመስገን” አልሁ። ሌላ ምን ይባላል? ባለቤታቸው እንጀራ ጨመሩ። እንግዳን ለምን መጣህ ማለት ነውር ስለሆነ ማንም አልጠየቀኝም። ላብ ያጠመቀኝ በልቼ ከወጣሁ በኋላ ነው።

በማግስቱ ሆን ብዬ በመናኸሪያው በኩል ዞርሁ። መንገድ ላይ ስለ ፈተና ማሰብ ጀመርሁና ስነቃ ያው ሚስማር ላይ ኮቴን እሰቅላለሁ።

“ዛሬ ዘገየህ” አሉ መሪጌታ።

በሦስተኛው ቀን ከወገዳ ተዛውሮ የመጣ አዲስ መምህር እስከ ቤቴ እንዲሸኘኝ ለመንሁት። የወገዳ መንገድ በክረምት ያደረሰበትን መከራ እያወራልኝ ሄድን። ወሬው ሲያልቅ ሁለታችንም መሶቡ ዙሪያ ተቀምጠናል። ቤቴን አያውቅምና፣ “እናትህ ደግ ናቸው” ብሎ በጆሮዬ ሹክ አለኝ።

ከዚያ በኋላ መናገር ግድ ሆነ። “የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ። የምመጣው እኔ አይደለሁም፤ እግሬ ነው።”

መሪጌታ አልሳቁም። “እኔም ማሕሌት ቆሜ ልቤ በሬዬን ሲያስብ አፌ ዜማውን ያደርሰዋል። ቀጥሎ ምን ነበር ያልሁ ዕለት ግን ይጠፋኛል። እግርህን አትቆጣው።”

ባለቤታቸው፣ “ይልቅ ነገ ምን ልሥራ?” አሉ።

እኔ ግን እግሬን ተቆጣሁት። በማግስቱ “ቀኝ፣ ግራ” እያልሁ እያንዳንዱን እርምጃ አዘዝሁ። መራመድ ጠፋኝ። ገበያው መሐል ተደናቅፌ የአንዲት ሴትዮ የምስር ቁና ላይ ወደቅሁ። ምስሩን አብረን ስንለቅም ሰዓቱ አለፈና ጦሜን ወደ ክፍል ተመለስሁ።

እንዲህ እንዳለሁ ዐቢይ ጾም ገባ። መሪጌታና ባለቤታቸው ቅዳሴ ስለሚውሉ በምሳ ሰዓት ቤቱ ዝግ ነበር። እግሬ ጥቂት ቀን በሩ ድረስ እየወሰደ መለሰኝ። ከዚያ ነገሩ የገባው ይመስለኛል፤ ምንም ሳልለው ወደ አዲሱ ቤቴ ያደርሰኝ ጀመር።

ከፋሲካ በኋላ መሪጌታ መንገድ ላይ አገኙኝ። “ምነው፣ ተቀየምኸን?”

“ኧረ የኔታ!”

“እንግዲያው ነገ ለምሳ ና።”

በማግስቱ ስኳር ገዝቼ፣ አስቤበት፣ በቀጥታው መንገድ ሄድሁ። የት እንደምቀመጥ ግራ ገባኝ። ኮቴን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ተቀመጥ ተብዬ ስቀመጥም የመጀመሪያው ጉርሻ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ባለቤታቸው ውሃ እያቀበሉኝ ትክ ብለው አዩኝ።

“ምን ነካህ ልጄ? ሳታስበው ስትመጣ እኮ ደህና ትበላ ነበር።”