መሬት መሬት የሚያዩት ሽማግሌ

እናቴን ልጠይቅ ጠዋት ጠዋት በምገባበት የሆስፒታል ኮሪደር ላይ በከዘራ መራመድ የሚለማመዱ አንድ ሽማግሌ አሉ። ፒጃማው የሆስፒታሉ ነው፤ ኮፍያው ግን የራሳቸው ነው፣ አያወልቁትም። የቀኝ ጉልበታቸው መገጣጠሚያ ያለቀው በውስጥ በኩል ብቻ ስለነበር ሐኪሙ ያንኑ ግማሹን በብረት ተክቶ ቀሪውን አልነካባቸውም።

«የተበላሸውን ብቻ አንስቶ ደህናውን መተው፣ እሱ ነው ሙያ!» ይላሉ ላገኙት ሁሉ፣ ሐኪሙን ራሳቸው ያሠለጠኑት ይመስል።

ችግራቸው ቀና ብለው አለመሄዳቸው ነው። በየሁለት እርምጃው ቆም ይሉና የወለሉን ሴራሚክ በከዘራቸው ጫፍ ኳ ኳ ያደርጋሉ። ጆሯቸውን ጣል አድርገው ያዳምጡና ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ።

«አባባ፣ ፊት ፊትዎን ይዩ እንጂ!» ትቆጣለች የምታለማምዳቸው ልጅ። «መሬት ላይ ምን ጠፋብዎት?»

«ምንም አልጠፋብኝም ልጄ። ሁሉም አለ።»

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው ዘለቁት። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ላባቸውን ጠርገው ዞሩና የመጡበትን ወለል ከዳር እስከ ዳር ቃኙት።

«ይሄን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አራት ወር ሙሉ፣ በጉልበቴ እየዳህኩ።»

ልጅቷ አንዴ መሬቱን፣ አንዴ ጉልበታቸውን አየች። «ታዲያ ጉልበትዎን የጨረሰው ይሄ ነዋ!»

«ይሄና መሰሎቹ። የመጨረሻውን ገጥመን፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በጓሮ በር ወጣን። ቆሜ ሙሉውን ሳየው ገና ዛሬ ነው።» ኮፍያቸውን አወለቁ። «መስመሩ እኮ ቀጥ ብሏል!»

ልጅቷ ክንዳቸውን ያዘች።

«በሉ እንግዲህ፣ ስንመለስ መሬት መሬቱን ይዩ።»