የምንተስኖት ግራ ጉንጭ

የኮምጣጤና የረጠበ የበግ ጠጉር ሽታ ባንድነት ሲመጣብኝ፣ የትም ብሆን፣ ዘመሮ ውስጥ ካለች አንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ደጃፍ የቆምሁ ይመስለኛል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ፎቶግራፍ የሚታጠብበት መድኃኒት ነው። የበጉ ጠጉር ደግሞ ባና የሚባለው ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ነው። የመንዝ ብርድ መድኃኒቱን ያደነዝዘዋል፤ የደነዘዘ መድኃኒት ፊት አያወጣም። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ጋሽ ጌጡ ጠርሙሶቻቸውን እንደ አራስ ልጅ በባና ጠቅልለው ምድጃ ዳር ያስቀምጧቸው ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ ሰርካለም በዚህ ነገር ሲተርቧቸው አይታክቱም። «እኔን እንኳ እንዲህ ደርበህልኝ አታውቅም» ይሏቸዋል።

«አንቺ መቼ ደንዝዘሽ ታውቂያለሽ?» ይመልሳሉ ጋሽ ጌጡ፣ ቀና ሳይሉ።

እኔ ዘመሮ በአስተማሪነት የተመደብሁት በ1986 ዓ.ም. ነው። የተከራየሁት ክፍል ከፎቶ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን ስለ ነበረ፣ ትምህርት በሌለ ቀን ውሎዬ እዚያው ሆነ። ጋሽ ጌጡ ያን ጊዜ ስድሳን ተሻግረዋል። ቀጠን ያሉ፣ ጣታቸው የረዘመ፣ በሥራ ሰዓት ነጭ ካፖርት ሳይደርቡ የማይታዩ ሰው ነበሩ። ትውልዳቸው ቀየት አካባቢ ነው። በጉብዝናቸው ወራት ደብረ ብርሃን ወርደው ለአንድ ፎቶ አንሺ ውኃ እየቀዱ፣ ወለል እየጠረጉ፣ ከዚያም ጨለማ ክፍል እየገቡ ሙያውን ቀስመው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ በአካባቢው መታወቂያ ያወጣ፣ የሚኒስትሪ ፈተና የተፈተነ፣ ሚስት ያገባ ሰው ሁሉ በእሳቸው እጅ አልፏል ማለት ይቻላል።

አሠራራቸው ጥድፊያ አያውቅም። ከገጠር የመጣ ሰው ገብቶ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ መጀመሪያ የሚነግሩት፣ «ትንፋሽህን መልስ» ነው። አንድ የገበያ ቀን አንድ ገበሬ ላቡን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ ገባና፣

«ጋሼ፣ ቶሎ በሉኝ እባክዎ፣ በጎቼን ገበያ መኻል አቁሜ ነው የመጣሁ» አላቸው።

«በጎቹ ይሸጣሉ። ይሄ ፊት ግን ለልጅ ልጅህ ይተርፋል። አርፈህ ተቀመጥ።»

«ተቀምጬስ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ተንፍስ። አሁን ፊትህ ላይ ያለው ዳገቱ እንጂ አንተ አይደለህም።»

ለሁሉም የሚያለብሱት አንድ ጥቁር ኮት ነበራቸው። ለቀጭኑም ለወፍራሙም ያው ነው፤ ለቀጭኑ ከጀርባ በልብስ መቆንጠጫ ይሰበስቡለታል። እትዬ ሰርካለም በበሩ ብቅ ብለው፣ «ከፊት ባላባት፣ ከኋላ የልብስ ማስጫ ገመድ!» ሲሉ ደንበኛው ይስቃል። ጋሽ ጌጡ ግን አይስቁም። ሳቁ አልፎ ፊቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ ጠብቀው ያነሡታል።

ይሁን እንጂ ጋሽ ጌጡን ጋሽ ጌጡ ያደረጋቸው ማንሣቱ አልነበረም፤ እሳቸው «ማረም» የሚሉት ሥራ ነበር። ዓለሚቱ የምትባል ታላቅ እኅት ነበረቻቸው። ፈንጣጣ በልጅነቷ ፊቷን ወቅሮት ነበርና፣ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብትነሣ ፎቶዋን በግንባሩ ደፍታ ሳጥን ውስጥ ከተተችው፤ ዳግመኛም አልገለጠችው። እሷ ከሞተች በኋላ ጋሽ ጌጡ ማረምን ከደብረ ብርሃኑ አሠሪያቸው ለመማር የለመኑት ስለ እሷ ብለው እንደ ነበር አጫውተውኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፊልም ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ይታያል። የፈንጣጣ ጉድጓድ በፊልሙ ላይ እንደ ቀዳዳ ብርሃን ያሳልፋል፤ ያን በተሾለ እርሳስ እየነካኩ ይደፍኑታል። የሚያብለጨልጭ ጠባሳ ደግሞ እንደ ጥላሸት ጠቁሮ ይቀመጣል፤ ያን በምላጭ ጫፍ እየፋቁ ያነሡታል። ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ አጉሊ መነጽር ዓይናቸው ላይ ሰክተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ሲፍቁ ያየ ሰው ዳዊት የሚደግሙ ይመስለዋል።

«አፍንጫ አላቀናም፤ ከንፈር አላሳሳም» ይሉኝ ነበር። «እሱ የፈጣሪ ነው። ኑሮ ያበላሸውን ግን ሰው ለምን ወረቀት ላይ እንኳ ተሸክሞት ይኑር?»

ማንንም ጠይቀው አያርሙም። ተመስገን የሚላቸውም አይፈልጉም። ሰዉ ፎቶውን ተቀብሎ ሲያይ ትከሻው ቀና ይላል፤ ያቺው ቀና ማለት ነበረች ደመወዛቸው። ፊልም ደግሞ አይጥሉም። የሞተውንም፣ አገር ጥሎ የሄደውንም፣ የሁሉንም ፊልም በብስኩት ጣሳ እያደረጉ መደርደሪያው ላይ ያኖሩታል።

በ1991 ዓ.ም.፣ የድንበሩ ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ፣ ወደ ማሠልጠኛ የሚሄዱ ልጆች ጥቁሩን ኮት እየተቀባበሉ ሲነሡ ዋሉ። ከመካከላቸው ምንተስኖት የሚባል፣ ከከተማው በታች ካለው መንደር የመጣ፣ ጨዋታ የሚችል ልጅ ነበር። ግራ ጉንጩ ላይ ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ የወረደ የእሳት ጠባሳ አለው፤ የተሸበሸበና የሚያብለጨልጭ።

«ጋሼ፣ በቀኜ በኩል ያንሡኝ» አለ ወንበሩ ላይ ጎኑን ሰጥቶ። «ይሄኛው ጉንጬ ለጠላት ነው፤ አይቶት ይሩጥ!»

ጓደኞቹ ሳቁ። ጋሽ ጌጡ አገጩን በሁለት ጣታቸው ይዘው ፊቱን አቀኑት። «ቀጥ ብለህ እየኝ። ጉንጭህን ለኔ ተወው» አሉት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሙሉ በምላጭ ሲፍቁ አየኋቸው። በማግስቱ ልጁ ፎቶውን ተቀብሎ አስተውሎ አየው። እጁን ወደ ጉንጩ ሰደደ። ቀጥሎ ሣቅ አለና፣ «ይቺን የምሰጣትን አውቃለሁ» ብሎ በደረት ኪሱ ከተታት። ለማን እንደ ሰጣት፣ ወይም ይዟት እንደ ሄደ፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

መርዶው የመጣው በ1993 ነው። አስክሬን የለም፤ ልብስም አልመጣም። እናቱ አልጣሽ በመርዶው ዕለት ያለቀሰችለት እቤት የቀረ ጋቢውን ዘርግታ ነው። ለአርባው ግን ከጊሼም ከመርሐቤቴም ዘመድ ይመጣል፤ አልቃሹ መካከል ቆሞ የሚታይ መልክ ያስፈልጋል። ስለዚህ በገበያ ቀን ወደ ፎቶ ቤቱ መጣች። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም፤ ፊቷ ግን በእንባ ብዛት ተልጦ ነበር።

«ጋሼ፣ ልጄ ሊሄድ ሲል እዚህ ተነሥቷል አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አልጣሽ።»

«እቤት አንድም የለኝ። ተነሥቶ አያውቅም ነበር። ያ ነገር... ያ ፊልም የሚሉት፣ አለ?»

ጋሽ ጌጡ ወዲያው ተነሡ። ወንበር ላይ ወጥተው ጣሳዎቹን ማውረድ ያዙ። ሲያገኙት ፊታቸው ላይ ያየሁት በለቅሶ ቤት የማይገባ ደስታ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ፊልም አለመጣላቸው ለዚህች ለአንዲት ሴት እንደ ሆነ ተሰምቷቸው ይሆናል። ለሚቀጥለው ገበያ ቀጠሯትና ትሪ በሚያህል ወረቀት ላይ አወጡት። ከእጃቸው እንደዚያ ያለ ሥራ ወጥቶ አላየሁም። የቅንድቡ ጠጉር ይቆጠራል፤ ዓይኑ ሊናገር የደረሰ ይመስላል።

አልጣሽ መጥታ በሁለት እጇ ተቀበለች። ሳመችው። ከዚያ ራቅ አድርጋ አየችው፤ መልሳ አቀረበችው። አውራ ጣቷ በግራ ጉንጩ ላይ ወዲያና ወዲህ ሄደ።

«ጉንጩስ?» አለች።

ጋሽ ጌጡ አልገባቸውም። «ጉንጩ ምን ሆነ?»

«የት አደረጉት? እዚህ ላይ እሳት በልቶት ነበርኮ።»

«እሱማ... እኔ አርሜው ነው። እንዲያምርለት ብዬ።»

«እንግዲያው ይመልሱልኝ።»

«አልጣሽ፣ በምላጭ ነው የተፋቀው። ከፊልሙ ላይ አንዴ ከተነሣ የለም።»

ስትናገር ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ያ ነው የከፋው።

«ዓመት ሳይሞላው ነው» አለች። «በረዶ ወረደና ግልገሎቹን ላስገባ ሮጥሁ። እሱን ምድጃ አጠገብ ትቼው። ጩኸቱን ሰምቼ ስመለስ በጎኑ ፍሙ ላይ ወድቋል። እስኪሄድ ድረስ ያን ጉንጩን ሳልዳስስ ተኝቼ አላውቅም፣ ጋሼ። ይቅር በለኝ ብዬው አላውቅም፤ እጄ ነበር የሚለምነው። እሱም ያውቃል። ጎልምሶ እንኳ ጎንበስ ይልልኝ ነበር። ይሄን የፎቶውን ልጅ ግን ምን በደልሁት? ምንም ያልሆነን ሰው ምን ብዬ ይቅር በለኝ እለዋለሁ?»

«እኔኮ በጎ የሠራሁ መስሎኝ...» አሉ ጋሽ ጌጡ።

«አውቃለሁ። ክፉ አላደረጉም።» ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አመጣች። «ሲያየው ደስ አለው?»

«ደስ ብሎት ነበር።»

«እሰይ» አለች። «እሰይ፣ ልጄ።»

ጋሽ ጌጡ ጠባሳውን በወረቀቱ ላይ በእጄ እሥላለሁ አሉ። የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ሲጠይቋት ወደ ፎቶው አልጠቆመችም። እጇን ዘርግታ በራሳቸው በጋሽ ጌጡ ጉንጭ ላይ፣ ከጆሮ ሥር እስከ አገጭ፣ በጣቷ አሰመረችላቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀበሉ።

በሳምንቱ ውስጥ ሌላ ሥራ አልነኩም። ሌላ ወረቀት አጥበው በቀጭን ብሩሽ ሣሉበት። አልጣሽ በገበያ ቀን መጥታ አየችውና ራሷን ነቀነቀች።

«ይሄ ቁስል ነው፣ ጋሼ። የሱ ድኖ ነበር።»

ጠባሳው ያብለጨልጭ እንደ ነበር ያውቃሉና፣ በሁለተኛው ሙከራ ወረቀቱን ራሱን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርገው አነጡት። ያን ጊዜም ቀስ ብላ፣ «ይሄ ደግሞ ለምጽ ሆነ» አለች። አንሥታ ልትመልስላቸው ስትል የቀላ ዓይናቸውን አየች። «ኧረ ይተዉት ጋሼ፣ ዓይንዎን ጨረሱት» አለቻቸው። በሐዘንተኛ መጽናናት አሳፍሯቸው ጀርባቸውን አዞሩ።

እትዬ ሰርካለም በዚያ ሰሞን ተረብ አልነበራቸውም። ምግብ አቅርበው ሳይነካ ያነሡታል። አንድ ቀን በግድግዳው በኩል፣ «አንተ ሰው፣ እሳት የሠራውን በብሩሽ ትደርስበታለህ?» ሲሏቸው ሰማሁ።

ከአርባው በፊት ባለው የመጨረሻ ገበያ አልጣሽ ስትመጣ ሦስተኛው ተዘጋጅቶ ነበር። ጋሽ ጌጡ ፎቶውን በመስኮቱ ሥር ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ቆሙ። ብርሃኑ ጥሩ ነበር። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ጠባሳ መሰለኝ፤ እንዲያውም ከወንበሩ ላይ ሲቀልድ ያየሁትን ልጅ ራሱን መሰለኝ።

ተቀመጠች። ብዙ አየችው። እኔና ጋሽ ጌጡ ፊቷን ስንጠብቅ፣ ቀኝ መዳፏን ዘርግታ በተሣለው ጉንጭ ላይ አሳረፈችው። ጠባሳው ሙሉ በሙሉ በእጇ ሥር ገባ። የቀረው ግንባሩ፣ ቅንድቡ፣ ዓይኖቹ ብቻ ነበሩ፤ ከመዳፏ አጮልቆ የሚያያት መሰለ። ያን ጊዜ ነው ፊቷ የተፈታው።

«እንዲህ ሲሆን እሱ ነው» አለች፤ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጋ። «እንዲህ ሲሆን የኔ ምንተስኖት ነው።»

ጋሽ ጌጡ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉ። «እንግዲያው ይዘሽው ሂጂ፣ እኅቴ።»

«እጄን ማንሣቴ ይቀራል እንዴ፣ ጋሼ? ሳነሣው ሌላ ሰው ነው።»

ዘመናቸውን ሙሉ ሰውን «ቆይ፣ ትንፋሽህን መልስ» ሲሉ የኖሩት ሰው፣ ያን ጊዜ የገዛ ትንፋሻቸው ሲያጥራቸው ይሰማኝ ነበር። ከውጭ የገበያው ጫጫታ ይመጣል፤ አንዱ በግ ሻጭ ከገዢው ጋር በጊዮርጊስ ስም ይማማላል። አልጣሽ መዳፏን ሳታንቀሳቅስ ተቀመጠች። ጋሽ ጌጡ እንደ ቆሙ ቀሩ።

በመጨረሻ እጇን አነሣች። የተገለጠውን ጉንጭ አላየችም፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። ነጠላዋን አጣፋች፤ ዘንጓን ከግድግዳው አነሣች። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ትታ፣ ደህና ዋሉም ሳትል፣ በሩን ገፋ አድርጋ ወጣች።