ወንድሜና የእናታችን የቆጮ ጉድጓድ

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፣ ይቅር በሉኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፣ በጎልማሶች ትምህርት። መምህርት ሰርካለም «ስለምታውቁት አንድ ሰው ጻፉ፣ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን» ባትለን አልደፍርም ነበር። እኔ ደህና አድርጌ የማውቀው ወንድሜን ፀጋአብን ነው።

ፀጋአብ እዚሁ ጉኑኖ አድጎ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የተማረው በዓይን የማይታዩ ሕያዋንን ነው፣ እነሱ ማይክሮብ ይሏቸዋል። አፈር ውስጥ፣ ምግብ ውስጥ፣ ሆዳችንም ውስጥ አሉ አለን። አጎታችን ደገፉ ሐኪም የሆነ መስሎት የሚያመውን ጉልበቱን ሊያሳየው መጣ። ሐኪም አይደለሁም ቢለው፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስትማር ኖርክ ብሎ ተቆጣው። ፀጋአብ ሳቀ። ከዚያ ላቦራቶሪ ተቀጠረ። ቆይቶ ደግሞ ያወቀውን ነገር ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው መጻፍ ጀመረ፣ በሬዲዮም ያነቡለታል።

ጣጣው የመጣው በዚሁ ሬዲዮ ነው። አንድ ቀን ስለ ቆጮ ጽፎ፣ እናቴ እንሰት ፍቃ ጉድጓድ ውስጥ በምትቀብረው ቆጮ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሕያዋን ይርመሰመሳሉ ተብሎ ተነበበ። እሱ ማመስገኑ ነበር። እኛ ሰፈር ግን የሚርመሰመስ ነገር ትል ነው። በገበያ ቀን ሴቶቹ እናታችንን ሶሲን «ትሎችሽ እንዴት አደሩ?» እያሉ ቀለዱባት። የእሷ ቆጮ ለሠርግ የሚፈለግ ነው እኮ! ቤት ገብታ ሻሿን ፈትታ ጣለች።

ፀጋአብ ደግሞ ይህን ሳይሰማ በዚያው ሳምንት መጣ። ስለ ቆጮ የጀመረው ጥናት እንዲያልቅ ከጉድጓድ ውስጥ እንዳለ የተወሰደ ቆጮ ያስፈልገዋል፤ የገበያው ብዙ እጅ ስለነካው አይሆንም። ለእናቱ ነገራት።

«ወንድ ልጅ እንሰት የሚፋቅበት አይደርስም፣ ይህን ታውቃለህ» አለችው። «አንተ ደግሞ አዋርደኸኛል። በየትኛው ፊትህ ነው ጉድጓዴን የምትጠይቀኝ?»

እውነትም እኛ ዘንድ እንሰት የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ እዚያ ከታየ ሰፈሩ ሁሉ ይስቅበታል። ያን ቀን የቀረበለትን ምሳ እንኳ ደህና አድርጎ አልበላም። ጥናቱ ሊቀርበት ነው ብዬ አዘንኩ።

ሶዶ ተመልሶ ግን እንደገና ጻፈ። በሬዲዮ ስንሰማው እንዲህ ይላል፦ «እንጀራ ያለ እርሾ እንደማይሆን ቆጮም ያለ እርሾ አይሆንም። እርሾው ሕያው ነው፣ ይበላል፣ ይራባል፣ ቆጮውንም ያኮመጥጠዋል። የእናቴ ጉድጓድ እርሾ ደግሞ ሥራውን ያውቅበታል። ትል ያለው ሰው ካለ ጥፋቱ የእኔ የጸሐፊው ነው።»

በቀጣዩ ገበያ እነዚያው ሴቶች እርሾ እንዲሆናቸው ከአዲሱ ቆጯቸው ጋር የሚቀላቅሉት ጥቂት አሮጌ ቆጮ ከእናቴ ለመኑ። እየሳቀች መጣች። ፀጋአብን በስልክ ጠርታ፣ ከመጀመሪያው እርሾ ብትል ምን ነበረበት አለችው፤ ና፣ ግን ጉድጓዱ ጋ አትደርስም አለችው።

ጉድጓዱ በተከፈተ ቀን ፀጋአብ ከእንሰቱ ወዲያ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። እኔ እህቱ ጓንት አጥልቄ፣ እሱ እየጮኸ እንዳዘዘኝ፣ ከላይም ከመሃልም ከታችም ቆጮ እያወጣሁ ጠርሙሶች ሞላሁ። እሱ አላስችል ብሎት አንገቱን ሊያዞር ሲል እናቴ «ዘወር እንዳትል!» ትለዋለች። ጎረቤታችን ሳህሊቱ፣ የእኛ ምሁር በጀርባው ነው የሚያየው ብላ ሁላችንንም በሳቅ ገደለችን።

በማግስቱ ጠዋት ፀጋአብ ጠርሙሶቹን በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ አድርጎ የሶዶ ሚኒባስ ተሳፈረ። ረዳቱ ይሸታል፣ ጣሪያ ላይ ይጫን ቢለው እሺ አላለም። ሳጥኑን ጭኑ ላይ አቅፎ መስኮቱን ከፈተ፣ አጠገቡ ለተቀመጡት ሴትዮ ስለ እርሾ ማስረዳት ጀመረ። መኪናው ሲነሳም እያስረዳ ነበር።