መብራት ዝቅ ያደረገችለት

ሚስቴ አውቶቡስ ነጂ ናት። እኔ ጎማ እጠግናለሁ። የሰፈር ወሬኞች «እሷ ትነዳለች፣ አንተ ትነፋለህ» እያሉ ይሳለቁብኛል፤ ቅናት ይብላቸው! ትኬት ቆራጭ ሆና ገብታ መሪ እስክትጨብጥ ስንት ደጅ እንደጠናች የማውቀው እኔ ነኝ። ከያዘችው ወዲህ አንድ ዶሮ እንኳ ገጭታ አታውቅም።

ታዲያ ባለፈው ወር በማታ ከሩቅ መስመር ስትመለስ ከዳገቱ ጫፍ ኃይለኛ ብርሃን መጣባት። ሹፌር ከፊቱ መኪና ሲመጣ መብራቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ያኛውም ያደርግለታል። ይህን ያላደረገ፣ ሰላምታ እንደነፈገ ባለጌ ይቆጠራል። የኔዋም ቀኟን ይዛ፣ ፍጥነቷን ቀንሳ፣ ዝቅ አደረገች። ብርሃኑ ግን በመንገዱ አልመጣም። ከዳገቱ ተነሥቶ ወደ ሰማይ ወጣ፣ ጥቂት ቆመ፣ ጠፋ።

ያልተኙት ተሳፋሪዎች አይተውታል። አንዱ «ሳተላይት ነው» አለ፤ አንዲት ሴትዮ «ምልክት ነው» ብላ እስክትወርድ ድረስ ጸለየች። ተኝቶ የነበረ ሌላ ተሳፋሪ ግን ምንም ሳያይ በማግሥቱ ቀጥ ብሎ አለቃዋ ዘንድ ሄደና «ሹፌራችሁ ለሰማይ መብራት ዝቅ ታደርጋለች፤ ነገ ደግሞ ለጨረቃ ፍሬን ትይዛለች!» ብሎ ከሰሳት።

መቼም ወሬ ፍሬን የለውም። ባልደረቦቿ «ጠፈርተኛዋ» ብለው ሰየሟት። ቁልፏን ተቀማች። አለቃውም ላከባት፦ ወይ ደክሞኝ ነበር ብለሽ እመኚ፣ ወይ መሪውን እርሺው።

«የኔ እመቤት፣» አልኳት ማድቤት ገብቼ፣ «ደክሞኝ ነበር በያቸውና እንገላገል። ምን ቸገረሽ?»

ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። «ያን ሁሉ ነፍስ ጭኜ አንቀላፍቻለሁ ልበል? አንተ እናትህን እንዲህ ካለች ሹፌር ጋር ታሳፍራለህ?»

ቢላዋውን አነሣሁና ሽንኩርቱን እኔ መላጥ ጀመርኩ።

«እውነት እያደር ይጠራል» አለች።

«እስኪጠራ ምን እንበላለን?» አልኳትና ተናድጄ ወጣሁ። ግን እኮ እውነቷን ነው።

አለቃው ዘንድ አብሬያት ገባሁ። ድሮ በዚያው መስመር ሹፌር የነበረ፣ ወገቡን ታሞ ቢሮ የቀረ፣ ሲስቅ ታይቶ የማይታወቅ ሰውዬ ነው።

«እህስ፣ ምን አየሽ?» አላት።

«ብርሃን ነው ያየሁት፣ ጋሼ። ምን እንደሆነ አላውቅም። መኪና መስሎኝ ዝቅ አደረግኩለት።»

«ደክሞሽ ነበር?»

«አልደከመኝም።»

«በዚህ ከጸናሽ ቁልፉን አልሰጥሽም። ይገባሻል?»

«ይገባኛል» አለች። ያ ሁሉ ልፋቷ በአንድ ቃል ገደል ገባ! ክንዷን ይዤ ላወጣት ስነሣ ሰውየው «ቆዩ» አለ። ሄዶ በሩን ዘጋና ተመልሶ እፊቷ ቆመ።

«ለመሆኑ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «እሱስ ዝቅ አደረገልሽ?»

ሚስቴ ክው አለች። ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እኔ ባሏ እንኳ አልጠየቅኳትም።

«አዎ» አለች። «ከመጥፋቱ በፊት አደረገልኝ።»

አለቃው መሳቢያውን ከፍቶ ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«ለእኔ አላደረገልኝም» አለ።