ሐጂ ኡመር ስልክ ላይ የቆመችው መኪናዬ

ሰኞ፣ ንጋት አሥራ አንድ ተኩል፣ አዲስ አበባ

መኪናዬን ሳስነሳ ሰፈሩ ገና አልነቃም። ነጭ ኮሮላ ናት፤ ጠዋት ጠዋት እንደ እኔው ጉሮሮዋን ሳትጠርግ አትነሳም። ባለቤቴ ነጠላዋን ደርባ በር ላይ ቆማ መድኃኒቴን መያዜን ደጋግማ ጠየቀችኝ። ይዣለሁ አልኳት። "ለእትዬ ጽጌስ ትነግራታለህ?" ስትለኝ መስኮቱን ዘጋሁ።

ጭሮ የሚወስደኝ የዚችው መኪና ጉዳይ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት የገዛኋት ከገለምሶው የቡና ነጋዴ ከሐጂ ኡመር ነበር፤ ያገናኘችን ደግሞ ጭሮ የምትኖረው ታላቅ እህቴ እትዬ ጽጌ ናት። እንደ ብዙው የአገሬ መኪና ገዢ በውክልና ተቀብዬ፣ ስሟን ነገ አዛውራለሁ፣ ከነገ ወዲያ አዛውራለሁ ስል ተውኩት። ሊብሬው ላይ ዛሬም ባለቤቷ ሐጂ ናቸው።

ባለፈው ማክሰኞ ሆስፒታሉ በር ላይ ያለችው የፓርኪንግ ሠራተኛ ታርጋዬን ስልኳ ላይ እየጻፈች፣ ለምን አፑን ጭኜ እንደማልከፍል ጠየቀችኝ። ስልክ ቁጥሬን ለማንም አልሰጥም፣ የት እንደምውል ለምን ይመዘገብብኛል አልኳት፤ እንደ ሁልጊዜው በጥሬ ብር ከፈልኩ። ልጅቷ ሳቀች። ቁጥሬማ ከመኪናዋ ፋይል ተወስዶ ድሮ እንደገባ፣ በቆምኩ ቁጥርም መልእክት እንደሚላክልኝ ነገረችኝ። ምንም ደርሶኝ አያውቅም። ስልኳን አዙራ ስታሳየኝ ቁጥሩ የሐጂ ኡመር ነው። የት እንደቆምኩ፣ በስንት ሰዓት ገብቼ በስንት እንደወጣሁ፣ አንድ ሳይቀር ገለምሶ ሲደርስ ኖሯል። አጥፊልኝ ብላት ፋይሉን ማስተካከል የሚችለው ባለሊብሬው ብቻ ነው አለችኝ። እኔ እኮ ነኝ ጠንቃቃው!

ሆስፒታል በር ላይ ምን እንደምሠራ እዚሁ ልንገራችሁ። ካንሰር አለብኝ፤ የአንጀት። ከአምስት ወር ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ መድኃኒት በደም ሥሬ እወስዳለሁ። ከባለቤቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩም፣ በተለይ ለእትዬ ጽጌ። እናታችንን በዚሁ በሽታ አስታምማ የቀበረች እሷ ናት። ነርስ ነበረች፤ የሚሆነውን ሁሉ ቀድማ እያወቀች ነው እስከ መጨረሻው ያስታመመቻት። በሠልስቱ ማግስት፣ "ከእንግዲህ የዚህን በሽታ ስም እቤቴ ውስጥ መስማት አልችልም" ብላኛለች። ያን ፊቷን ድጋሚ ማየት ፈራሁ። ሐጂ ደግሞ ለገበያ ጭሮ በመጡ ቁጥር ሰላም ሳይሏት አይመለሱም። አንዲት ቃል ካመለጠቻቸው አለቀልኝ።

ሰኞ፣ ረፋድ አራት ሰዓት፣ መተሐራ

ሐይቁ አስፋልቱ ሥር ድረስ ተኝቷል፤ ከወዲያ ማዶ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ለእትዬ አንድ ከረጢት ቀይ ሽንኩርት ገዛሁ፤ ሻጩ ዋጋ ሳልከራከር በመክፈሌ ተገርሞ ሁለት ራስ ጨመረልኝ።

አዋሽ ላይ የነዳጅ ሰልፍ ያዘኝ። ከኋላዬ የቆመው የሚኒባስ ሹፌር ወርዶ መኪናዬን ዞሮ አያትና ጎማው አላማረኝም አለኝ። ባለመኪና ሁሉ ወሬው አንድ ነው፤ ነዳጅ፣ ጎማ፣ መለዋወጫ። አሁን አሁን ደግሞ አሠሪው የጫነበት ጂፒኤስ ተጨምሯል። ሽንት ቤት ገብቼ ስቆይ እንኳ ይደወልልኛል እያለ አማረረ። እንዴት ቻልከው ብዬ ብጠይቀው፣ ለምዶት አሁን ሲቆም ራሱ ቀድሞ እንደሚደውል ነገረኝ። ያን ሰውዬ እስከ ሚኤሶ ድረስ ሳስበው ነበር።

ከአሰቦት ጀምሮ ግመሎች መንገዱን ለማንም አይለቁም። ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ከፊት ለፊት በጥሩምባ ይመጣሉ፤ ሲያልፉ መኪናዬ ትንቀጠቀጣለች። ሚኤሶን አልፌ ዳገቱ ሲጀምር አየሩ በረደ። ደክሞኝ ጣቶቼ ደንዝዘው ስለነበር ጥግ ይዤ ትንሽ አረፍኩ።

ሰኞ፣ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት፣ ጭሮ

እዚህ የፓርኪንግ አፕ የለም፤ አያስፈልግምም። እትዬ በር ላይ ሳቆም ባለሱቁ፣ ጎረቤቲቱ፣ ከቤተክርስቲያን የሚመለሱት ቄስ አዩኝ። ቡና ሳልጠጣ ከተማው መምጣቴን ሰምቶ ነበር።

እትዬ ጽጌ አቅፋኝ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ አየችኝ። ከስተሃል አለች። ሥኳር ትቼ ነው አልኳት። እጄን ይዛ ቆየች፤ የነርስ እጅ ስለሆነ ቶሎ ነጠቅኳት።

ራት ላይ ሐጂን ለስም ዝውውር ነገ ከገለምሶ እንደማመጣቸው ስነግራት ደስ አላት። እንግዲያው ረቡዕ ምሳ እኔ ጋ ነው አለች። ቀኑም ጾም በመሆኑ በሥጋው ነገር አንቸገርም፤ ሽሮና ምስር እሠራለሁ አለችና አሰብ አደረገች። ቀጥላም ያን የነዳጅ እጥረት ጊዜ አንድ ማክሰኞ ማታ ሐጂ ድንገት ደውለው፣ ቤተሰብ ደህና ነው? አዲስ አበባ ያሉትስ? እያሉ ደጋግመው እንደጠየቋት አነሳችልኝ። "ምን ነክቷቸው ይሆን?" አለች። ሽንኩርቱን የት ላስቀምጥልሽ ብዬ ተነሳሁ።

ማክሰኞ፣ ረፋድ፣ ገለምሶ

ከጭሮ ወደ ቁኒ የሚወጣው መንገድ ግራና ቀኙ የጫት እርከን ነው። በዴሳ ገበያዋ ሞልቷል። ገለምሶ መናኸሪያ የመቻራ ሚኒባሶች ጣሪያቸው ላይ ጆንያ እየጫኑ ነው፤ ረዳቶቹ የቦኬንና የጭሮን ስም እያቀላቀሉ ይጣራሉ። የሐጂን ቤት የጠየቅኩት ሰው "አካም ነጋ?" ብሎ ሰላም ሳይለኝ፣ ከየት እንደመጣሁም ሳይጠይቅ አላሳየኝም።

ሐጂ ኡመር ሰባውን አልፈዋል። በሩን ከፍተው እጄን ያዙና ዝም ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"አልሐምዱሊላህ፣ በእግርህ መጣህ" አሉ።

ማወቃቸውን እዚያው አወቅኩ። የመጣሁበትን ለመናገር ጀመርኩ። ሐጂ ግን አቋርጠውኝ ቁጭ እንድል አደረጉኝ። መጀመሪያ ላይ ስልካቸው ሲጮህ እንደተናደዱ፣ ይሄ ሰውዬ ስሟን ለምን አያዛውርም ብለው ሊደውሉልኝ እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ ማክሰኞ ማክሰኞ የአንድ ሆስፒታል በር ስም ይመላለስ ጀመረ። ያን በር ያውቁታል፤ ካንሰር የነበረበትን ወንድማቸውን ይዘው የተመላለሱበት ነው።

"የታመመ ሰው ስለ መኪና ስም አይነዘነዝም አልኩና ተውኩት" አሉ። "አቦ፣ የሰው ሚስጥር ስልኬ ላይ ሲጮህ ምን ላድርግ? የልጅ ልጆቼ በስልኬ ይጫወቱ ነበር፣ ከለከልኳቸው። ቁልፍ አስገባሁበት። ሚስቴ እንኳ አታውቅም፣ ወላሂ።"

ነዳጅ ጠፍቶ በታክሲ የሄድኩባት ማክሰኞ መልእክት ሳይመጣላቸው ሲቀር እንቅልፍ አጥተው ነበር እትዬ ጋ የደወሉት፤ ስሜን ግን አላነሱም። እኔ አፋቸውን እንዴት እዘጋለሁ እያልኩ የመጣሁባቸው ሰው እንዲህ ሲጠብቁኝ ከርመዋል። አፈርኩ። እህቴም ብታውቅ እንዲህ ትጠብቀኝ ነበር፤ እሷንማ እኔ ነኝ የከለከልኳት።

ረቡዕ፣ ጠዋት፣ በዴሳ

እዚያው አድሬ ማልደን ተነሳን። ሐጂ ከጎኔ ተቀምጠው የቀድሞ መኪናቸውን ድምፅ ያዳምጣሉ። በዴሳ ላይ ሻይ ስንጠጣ የእትዬን የምሳ ግብዣ ነገርኳቸው። ብርጭቆውን አስቀመጡ።

"እፈርማለሁ። ምሳው ግን ይቅር" አሉ። "የእናትህ ልጅ ያላወቀችውን እኔ ባዳው ይዤ፣ ቤቷ ገብቼ እንጀራዋን መብላት አይሆንልኝም።"

ለመንኳቸው። ለእሷ ደህንነት ብዬ ነው የደበቅኩት አልኩ። እሳቸው አልተቆጡም፣ አልመከሩም፤ እሺም አላሉ።

ረቡዕ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ጭሮ

መሥሪያ ቤቱ ለምሳ ዘግቶ ደረስን። እትዬ በር ላይ ትጠብቀን ስለነበር ማምለጫ አልነበረም፤ ሐጂም ሰላምታ ነፍገው መመለስ አይችሉም፣ ገቡ። መሶቡ ተከፍቷል። ሽሮው ይንተከተካል፣ ምስሩ አለ፣ ከመተሐራ ያመጣሁት ሽንኩርት በቃሪያ ተከትፏል። እትዬ ማስታጠቢያውን ይዛ መጀመሪያ ወደ ሐጂ ቀረበች።

ሐጂ እጃቸውን አልዘረጉም። ጠግቤያለሁ አሉ።

እትዬ ፈገግ ለማለት ሞከረች። "ሐጂ፣ ጾም ነው እኮ። በዘይት ነው የሠራሁት። ድስቱንም ትናንት ነው ለእርስዎ ብዬ የገዛሁት፣ ሥጋ ነክቶት አያውቅም" አለች።

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። ግንባራቸው አልቦታል። እትዬ ጽጌ ማስታጠቢያውን እንደያዘች ናት፤ ፊቷ ሲቀላ አየሁ። ዕድሜዋን ሙሉ በዚህ ከተማ የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም ልጅ ያዋለደች ሴት፣ ዛሬ ቤቴን ተጸየፉት ብላ ነው የምታስበው። ሰውዬው ደግሞ አንድ ቃል ተናግረው ራሳቸውን ነጻ ማውጣት ሲችሉ፣ የእኔን ነገር ይዘው ነውሩን ለብሰው ተቀምጠዋል።

"እትዬ፣ እሳቸው አይደሉም" አልኩ። "እኔ ነኝ። የእማዬ በሽታ ይዞኛል። ሐጂ ያውቃሉ፤ አንቺ ሳታውቂ መብላት እንቢ ብለው ነው።"

ማስታጠቢያውን መሬት አስቀመጠች። አልጮኸችም። መሶቡ አጠገብ ቁጭ ብላ እጄን ጎተተችና የመርፌውን ቦታ ፈልጋ አገኘችው፤ አውራ ጣቷን እላዩ ላይ አሳረፈች።

"ስንተኛው ዙር ነው?"

"አሥረኛው። ሁለት ይቀረኛል።"

"ጣትህ ይደነዝዛል?"

"ይደነዝዛል።"

"ይህን ሁሉ መንገድ በዚህ ጣት ነዳህ" አለች። እንባዋ ያኔ ወረደ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ ተነሳች፣ ማስታጠቢያውን አነሳች።

"ሐጂ፣ እንግዲህ ይታጠቡ።"

ሐጂ ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ሐጂ ከአዲሱ ድስት ሁለቴ አስጨመሩ።

ረቡዕ፣ ስምንት ሰዓት፣ የጭሮ ትራንስፖርት ቢሮ

እትዬ ምስክር እሆናለሁ ብላ ተከተለችን። በመንገድ ላይ ሐጂ እኔን አስፈቅደው ስልካቸውን ሰጥተዋት ነበር፤ የማክሰኞዎቹን መልእክቶች መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አነበበቻቸው። ወረፋው ረጅም ነበር። ጸሐፊው ሐጂን አስፈረመ፣ እኔን አስፈረመ፣ ማኅተሙን መታ።

ሐጂ ብዕሩን ሲመልሱ ወደ እኔ ዞሩ። "እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ ስልኬን ይዤ ነው የምውለው። አሁን መልእክቱ ይቀራል። ከእንግዲህ ደህና መሆንህን በምን አውቃለሁ?" አሉ።

ጸሐፊው ቀና ሳይል ለፋይሉ የሚሆን ስልክ ቁጥር ጠየቀ። ይህችን ቁጥር ለመለወጥ ነበር እኮ ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት። አፌን ከመክፈቴ በፊት እትዬ ጽጌ የራሷን ቁጥር ትዘረዝር ጀመር። ጸሐፊው መጻፉን አቁሞ አየኝ። መኪናው የአንተ፣ ስልኩ የእሷ? የቆምክበት ሁሉ ለእሷ ነው የሚሄደው አለኝ። አውቄ ነው፣ ጻፈው አልኩት።

ማክሰኞ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ አዲስ አበባ

ሐሙስ ወደ ቤቴ ስመለስ እትዬ ስድስት ቦታ አስደውላኛለች፤ አዋሽ ላይ የነዳጅ ሰልፉ ውስጥ ሆኜ ሳይደወልልኝ ራሴ ደወልኩ።

ዛሬ ሆስፒታሉ በር ላይ የፓርኪንጓ ልጅ ታርጋዬን ጻፈች። ቁጥሩ ተስተካከለ አይደል፣ አሁን መልእክቱ ለእርስዎ ይመጣል አለችኝ። ለእኔ አይደለም አልኳትና ወደ ሕንፃው ተራመድኩ። ደረጃው ላይ ሳልደርስ ስልኬ ጠራ።

"ገባህ?" አለች እትዬ ጽጌ።

"ገባሁ።"

"በል ግባ፣ አትቁም። እኔ ለሐጂ ልደውልላቸው፤ ስልካቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።"