የሴራሚክ አንጣፊዋ ክሮኖ

ግንበኞቹ፣ ቀለም ቀቢዎቹ፣ ቧንቧ ሠሪዎቹ ሁሉ «ውሃልክ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት አንድ ችኩል ኮንትራክተር ነው። ቤቱን ለባለቤቱ ሊያስረክብ ቁልፉን በእጁ ይዞ ሳለ፣ እሷ ሳሎኑ ጥግ ላይ ተንበርክካ «ቆይ፣ እዚህ ጋ አንድ ሚሊ ከፍ ብሏል» አለችና ስምንት ሴራሚክ ነቅላ እንደገና ማንጠፍ ጀመረች። ሰውዬው ጸጉሩን ሊነጭ ምንም አልቀረው። «ይቺ ሴት ውሃ ልክ አትፈልግም፤ ራሷ ውሃ ልክ ናት» አለ። ለስድብ ነበር ያሰበው። እሷ ግን እንደ ምርቃት ተቀበለችው፤ ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሆነው፣ ዋናውን ስሟን የሚያስታውስ ሰው እየጠፋ ነው።

ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት ነው። ሙያውን የተማረችው ከአባቷ ነው። አባትየው ሠላሳ ስድስት ዓመት ተንበርክከው የሰው ወለል ሲያሳምሩ ኖረው፣ በመጨረሻ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ ቤት አዋላቸው። አሁን መስኮቱ ሥር እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጡና ሬዲዮ ያዳምጣሉ፤ መንገደኛውን ሁሉ በአረማመዱ ይተቻሉ። እናትየዋ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሦስተኛ ካስፈለገ ብስክሌቷ አለች፤ ሳሎን ግድግዳ ተደግፋ የምታድር፣ መሪዋ ወደ ታች የተቆለመመ ቀይ ኮርሳ ብስክሌት።

አባትና ልጅ የሚጣሉት በዚህችው ብስክሌት ነው።

«ቀን ሴራሚክ ላይ ትንበረከኪያለሽ፣ ጠዋት ጠዋት ፔዳል ትረግጫለሽ» ይላሉ አባትየው። «የሁለት ሰው ጉልበት የተሰጠሽ መሰለሽ?»

«ሐኪሙ እኮ ብስክሌት ለጉልበት ጥሩ ነው ብሎሃል አባዬ።»

«እሱ መች ተንበርክኮ ያውቃል።»

ውሃልክ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ትወጣለች። ጠዋት ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት፣ እሑድ ደግሞ ሦስት አራት ሰዓት ትጋልባለች። ልጅ ሳለች የጀመራት ነገር ነው፤ አልለቀቃትም። ቀኑን ሙሉ ወለል ላይ የምትሳበው ሴት፣ ብስክሌቷ ላይ ስትወጣ ብቻ ነው ዓለምን ከፍ ብላ የምታየው።

የምትጋልብበት የብስክሌት ክለብ በየዓመቱ ለክለቦች ውድድር አራት ሴቶች ይልካል። ውድድሩ ክሮኖ የሚባለው ነው። በክሮኖ ጊዜ አንዷ ከሌላዋ ኋላ ተደብቃ ነፋስ ማምለጥ የለም፤ በየአንድ ደቂቃ ልዩነት ለየብቻ ይለቀቃሉ፣ እያንዳንዷ ከሰዓቱ ጋር ትታገላለች። ውሃልክ ሰባት ዓመት ሙሉ ከአራቱ አንዷ ነበረች። ሀብት የላትም፣ ትዳር አልቀናትም፣ ቢጠይቋት የምትኮራበት ነገር ይሄ አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ነገሩ ተበላሸ። የክለቡ ሴቶች አንድ ባንድ ለክሮኖ ተብሎ የተሠራውን ብስክሌት እየያዙ መጡ። መሪው ወደ ፊት የተዘረጋ፣ መቀመጫው ወደ ፊት የተጠጋ፣ ጋላቢዋን አጎንብሶ የሚያስተኛ ብስክሌት ነው። መጀመሪያ ከመካከላቸው የጥርስ ሐኪም የሆነችው አመጣች፤ ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። በኮርሳ ብስክሌት የቀረችው ውሃልክ ብቻ ሆነች። የክለቡ አሰልጣኝም አንድ እሑድ ሰብስቦ ቁርጡን ነገራቸው።

«ክሮኖ ብስክሌት የሌላት ሃያውን ኪሎሜትር ከሠላሳ ሁለት ደቂቃ በታች ካልገባች ቦታውን ለሌላ ትለቃለች። የዛሬ ስድስት ሳምንት እንለካለን።»

«የሌላት» ሲል ማንንም አላየም። ሁሉም ግን ወደ እሷ ዞሩ። የውሃልክ ምርጥ ሰዓት ሠላሳ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ነው፤ ይሄንንም ሁሉም ያውቃል። ቆሽቷ አረረ። ብትናገር እንደምታለቅስ ስላወቀች ሰዎቹ እስኪበተኑ ጠብቃ አሰልጣኙን ለብቻው ያዘችው።

«እስቲ ንገረኝ፣ የእነሱ ብስክሌት ምን ስለሚያደርግላቸው ነው?»

አሰልጣኙ ክፉ ሰው አይደለም። ራሱን አከከና «ብስክሌቱ ራሱ ያን ያህል አይደለም» አለ። «ነፋሱን እንደ ግድግዳ የሚገትረው ሰውነትሽ ነው። ደረትሽ ነው የሚመታው። የእነሱ ብስክሌት አስተኝቶ ይወስዳቸዋል፣ ያንቺ አስቀምጦ።»

«በራሴ ብስክሌት ላይ የክርን ማሳረፊያ ባስርስ?»

«ይፈቀዳል።»

«እንግዲያው ብስክሌቱ ካላስተኛኝ እኔው እተኛለሁ» አለችና ሄደች።

በማግስቱ ሁለት የክርን ማሳረፊያ ዘንጎች ከአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ተውሳ የተቆለመመው መሪ ላይ አሰረች። ክርኗ የሚያርፍበትን ትራስ ከአሮጌ የሥራ ጉልበት መከላከያዋ ቆርጣ ሰፋች። መቀመጫውን ብሎኑ እስከፈቀደላት ድረስ ወደ ፊት ገፋችው፤ አንድ ጣት ያህልም ከፍ አደረገችው። በመጨረሻ ማንም ሌላ ጋላቢ የማያደርገውን አደረገች፤ ውሃ ልኳን ከሥራ ቦርሳዋ አውጥታ መቀመጫው ላይ አጋደመችና በመስታወቱ ውስጥ ያለው አረፋ ድርቅ ብሎ መሃል እስኪቆም ድረስ አስተካከለች። ከዚያ በኋላ ነው ልቧ ያረፈው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ለእሷ የተፈጠረ መሰለ። ሌሎቹ ሴቶች ክሮኖ ብስክሌታቸው ላይ ሲተኙ አንገታቸውን ያማቸዋል፣ ትከሻቸው ይደነዝዛል፣ ሲወርዱ እንደ አሮጊት ወገባቸውን ይይዛሉ። ውሃልክ ደግሞ ኑሮዋ እንዲያ ነው። ስምንት ሰዓት ሙሉ ክርኗን መሬት አስደግፋ፣ አንገቷን ብቻ ቀና አድርጋ የሴራሚኩን መስመር ስታይ ትውላለች። የጥርስ ሐኪሟ አብራት ስትጋልብ ገርሟት «እህቴ፣ አንገትሽን አያምሽም?» ብትላት፣ «አንገቴ እኮ ሥራ ላይ ያለ ነው የመሰለው» አለች።

ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ስምንት ደቂቃ ያህል እንደተኛች የመቀመጫው አፍንጫ ለአሰልጣኝ በማይነገር ቦታ ይወጋታል። መውጋት ብቻ አይደለም፣ ያደነዝዛታል። ሳትወድ ትነሳለች፤ ስትነሳ ነፋሱ ደረቷን ይቀበላታል፤ እንደገና ትተኛለች፤ እንደገና ይወጋታል። በሦስተኛው ሳምንት ሲለካት ሠላሳ ሦስት ደቂቃ ከአምስት ሴኮንድ ሆነ።

«አሥራ አንድ ጊዜ ተነስተሻል» አላት አሰልጣኙ። «ቆጥሬያለሁ። ባትነሺ ትገቢ ነበር።»

ባትነሳ እንደምትገባማ እሷም ታውቃለች። ዘንጎቹን ከፍ አደረገቻቸው፣ ዝቅ አደረገቻቸው። ሁለት ቁምጣ ደርባ ሞከረች። የጥርስ ሐኪሟ ትርፍ መቀመጫዋን አዋሰቻት፤ ያም ወጋት። መቀመጫ በተቀየረ ቁጥር ውሃ ልኩ ከቦርሳ ይወጣል፣ አረፋው መሃል ይቆማል፣ ውሃልክም በትክክለኛው መቀመጫ ላይ በትክክል ትሰቃያለች። አሥር ቀን ሲቀር ሥራ ቦታ ምሳዋን ሳትነካ ተቀምጣ፣ ያን ዕለት ወደ እሷ የዞሩት የክለቡ ሰዎች ልክ ሳይሆኑ አልቀሩም ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበች። ከዚያ በራሷ ተናደደችና ተነስታ የኩሽናውን ግድግዳ ጨረሰችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብስክሌቷን ሳሎን ውስጥ፣ ባለበት ቆሞ እንዲሽከረከር በሚያደርገው ብረት ላይ አስራ ትጋልባለች። አባትየው ሬዲዮ የሚያዳምጡ መስለው ያይዋታል። ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ በጥርሷ መሃል ትሳደባለች፣ ትተኛለች። በመጨረሻ ሬዲዮውን ቀነሱት።

«አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ እምትነሺ እምትወድቂው?»

«መቀመጫው ነው አባዬ። ይወጋኛል።»

«እስቲ ውሃ ልኩን አጋድሚበት።»

ወርዳ አጋደመችበት። አረፋው መሃል ነው። ትንሽ ኮራ ብላ አሳየቻቸው። እሳቸው አንገታቸውን አስግገው ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት።

«የሻወር ቤት ወለል ስታነጥፊም እንዲህ ነው እምታደርጊው?»

«ኧረ አይደለም። ሻወር ቤትማ ወደ ማፍሰሻው ዘንበል ይላል።»

«ለምን?»

«አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ? ውሃው መሄድ አለበታ። ቀጥ ካለ እዚያው ይተኛል።»

«አንቺስ መሄድ የለብሽም?»

አባትየው በጣታቸው ወደ መቀመጫው ጠቆሙ።

«ቀና ብለሽ የምትቀመጪ ከሆነ ቀጥ ያለ መቀመጫ ደግ ነው። አሁን ግን ከወገብሽ ወደ ፊት ታጥፈሻል። አንቺ ዘንበል ብለሽ መቀመጫው ቀጥ ካለ ጫፉ ማንን ያገኛል? አንቺን ነዋ።»

ይሄን ብለው ሬዲዮውን መልሰው ከፍ አደረጉ፤ ፊታቸውንም ወደ መስኮቱ አዞሩ። የተናገሩትን መልሰው ሊውጡት የፈለጉ ይመስል ነበር።

ብሎኑን ፈታችው። የመቀመጫውን አፍንጫ ሁለት ሚሊ ዝቅ ስታደርገው አረፋው ሸሽቶ ወደ ኋላ ሄደ። ከሻወር ቤት በቀር አረፋ ከመሃል ሲወጣ አይታ ዝም ብላ አታውቅም፤ እጇ መልሶ ሊያስተካክለው አማረው። ጥርሷን ነክሳ ብሎኑን አጠበቀችውና ውሃ ልኩን ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወጥታ ተኛች። ስምንተኛው ደቂቃ አለፈ። አሥራ ሁለተኛው አለፈ። ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ከዘንጎቹ ላይ ክርኗን ሳታነሳ ጋለበች።

«አባዬ፣ አልወጋኝም» አለች ላብ በላብ ሆና።

«ጉልበትሽ ይጠይቅሻል» አሉ ሳይዞሩ።

ሰኞ ለአሰልጣኙ አሳየችው። እሱም ትንሽ መዝመሙ በሕጉ እንደማይከለከል አረጋገጠላት። የቀሩትን ቀናት በየጠዋቱ ተኝታ ጋለበች።

የመለኪያው እሑድ ደረሰ። መንገዱ አሥር ኪሎሜትር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ እዚያ አንድ በርሜል ተተክሏል፤ እሱን ዞሮ መመለስ ነው። ሲሄዱ ነፋሱ ፊት ለፊት ነበር። የጥርስ ሐኪሟ ቀድማ ተለቀቀች፤ ብስክሌቷ አስፋልቱ ላይ እያፏጨ ሄደ። ደቂቃው ሲሞላ አሰልጣኙ የውሃልክን መቀመጫ ለቀቀና «ሂጂ» አላት።

ተኛች። ነፋሱ በላይዋ ሲያልፍ ተሰማት፤ ሰባት ዓመት ደረቷን ሲደልቅ የኖረው ነፋስ ዛሬ ጀርባዋን ዳብሶ ብቻ ይሄዳል። በርሜሉ ጋ ስትደርስ ፍሬን ለመያዝ የግድ ተነሳች፤ ዞረችና ወዲያው መልሳ ተኛች። አሥራ አራተኛው ኪሎሜትር ላይ ጭኗ መቃጠል ጀመረ። አንድ የጭነት መኪና ሲያልፍ ብስክሌቷን አወላገደው። ተነሺ፣ ለአፍታ ብቻ ተነሺ የሚል ነገር በውስጧ መጣ። አልተነሳችም። ሰፊ አዳራሽ ስታነጥፍ ወገቧ ሲቆረጥ ለራሷ የምትለውን አለች፤ ይቺን መስመር ብቻ ልጨርስ። የመንገዱን ነጭ ቁራጭ መስመር አንዱን ስትጨርስ ሌላውን ያዘች፣ ያንን ስትጨርስ ሌላውን። ትንፋሽ አጥሯት፣ ምራቋ አገጯ ላይ እየወረደ፣ መጨረሻውን መስመር ተኝታ አለፈችው።

አሰልጣኙ ሰዓቱን አየ። አንድ ጊዜ ደግሞ አየው።

«ሠላሳ አንድ ከሃምሳ ስድስት። ስንት ጊዜ ተነሳሽ?»

«በርሜሉ ጋ» አለች፤ ሌላ ቃል ለመናገር አቅም አልነበራትም። የጥርስ ሐኪሟ መጥታ ከነላቧ አቀፈቻት። አሰልጣኙም ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሚደረገው ዋናው ውድድር፣ ለተመረጡት ብቻ የሚሰጠውን የክለቡን ክሮኖ ብስክሌት ሊያውሳት እንደሚችል ነገራት። ውሃልክ ትንፋሿን ከሰበሰበች በኋላ «በሦስት ሳምንት ሌላ አልማርም። በዚችው እሄዳለሁ» አለች።

ቤት ስትገባ አባትየው መስኮቱ ሥር ናቸው። ሬዲዮው ግን ተዘግቷል።

«ስንት?» አሉ።

«ሠላሳ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ስድስት።»

«በአራት ሴኮንድ ገባሽ ማለት ነው።»

ብስክሌቷን ግድግዳ ልታስደግፍ የነበረችው ውሃልክ ባለችበት ቆመች። ስለ ሠላሳ ሁለት ደቂቃው ለአባቷ ተናግራ አታውቅም፤ ብስክሌቱን ለማስተው ሰበብ ያገኛሉ ብላ ፈርታ ነው የደበቀቻቸው።

«ማን ነገረህ?»

«አሰልጣኝሽ ጋ ደወልኩ። ገና መጀመሪያ ላይ፣ ፊትሽ ጠቁሮ የመጣሽ ዕለት።»

«ባልገባ ኖሮ እተወው ነበር አባዬ። ያንንም አውቀህ ነበር?»

«አውቄያለሁ። እንድትተዪው ስንት ዓመት ስለምንሽ ኖርኩ። ዛሬም ብትተዪው ደስ ይለኛል።»

«ታዲያ መቀመጫውን ለምን ነገርከኝ? ዝም ብትል እኮ ያልቅልህ ነበር።»

አባትየው የማይታጠፍ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው ቦታ አስያዙትና ቀና ብለው አይዋት።

«ልጄ፣ እንድትተዪው ነው የፈለግሁት። ተሸንፈሽ እንድትተዪው አልፈለግሁም።»